ለሁለት እግር ሁለት ልክ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ ገሱባ የተደረገ ንግግር። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ ብዙ ሳይነካ ታትሟል።)

 

አዘጋጆቹ «ስለ ቢዝነስህ ግማሽ ሰዓት ያህል አውራልን» ሲሉኝ ሁለት ነገር አስቀድሜ ነገርኳቸው። አንደኛ፣ የልብሳችንን የንግድ ስም አልጠራም። የመጣነው ለመገናኘት እንጂ ለገበያ አይደለም፤ መግዛት የፈለገ ሰው ካለ ሱቁ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስለ ልብሱ ከተናገርኩ ስለ እግሬም መናገሬ አይቀርም አልኳቸው፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

የባች ጓደኞቼ ግቢ ውስጥ «ራፐሩ» ትሉኝ ነበር። ሰፊ ጂንስ፣ ጉልበት ሊደርስ ምንም ያልቀረው ቲሸርት፣ ማሰሪያው የላላ ትልቅ ስኒከር። ፋሽን ነው ትሉ ነበር። ፋሽንም ነበር፣ አልክድም፤ ሙዚቃውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ግን ሰፊ ሱሪ የምለብሰው ቀኝ እግሬን የሚያስገባ ሌላ ሱሪ ስላልነበረ ነው። ማሰሪያውን የማላላውም እግሬ ከሰዓት በኋላ እያበጠ ስለሚሄድ ነው። በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ በተለምዶ «ዝሆኔ» ከምንላቸው አንዱ ነው። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል፣ ወደፊትም አብሮኝ ይኖራል።

ስለ በሽታው ጥቂት ልበል። ወላይታ ተወልዶ ይህን በሽታ ያላየ ሰው የለም፤ በትክክል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በቆላ አካባቢ ትንኝ የምታስተላልፈው የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ይህ እሱ አይደለም። እርግማንም አይደለም። መንስኤው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ነው። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው እጅግ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገቡና የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ እግር ያብጣል። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ፣ ዝናቡም በቂ የሆነ ቀይ መሬት ነው ይህን የሚያመጣው። ማለትም ያው እንሰቱንና ቦሎቄውን የሚሰጠን መሬት ነው። ስሙን ያወጡለት ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው፤ ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት ነው የወሰዱት።

ታዲያ ሁላችንም በባዶ እግር አድገን ለምን እኔን ብቻ? ልጅ ሆኜ ይህን ጥያቄ ብዙ ሌሊት ጠይቄዋለሁ። መልሱ የተገኘው ደግሞ ከዚሁ ከወላይታ ሕዝብ ነው። በዞናችን ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ደግሞ ከሰውነት የመከላከል አቅም ጋር የተያያዘ የዘር ልዩነት እንዳለበት አረጋገጠ። እንግዲህ አፈሩና የተወሰነ ተፈጥሮ ሲገናኙ ነው በሽታው የሚመጣው። እንዳይገናኙ የሚያደርጋቸው ጫማ ነው። ሌላ ምንም ሳይሆን ጫማ!

የሂሳብ ሰው ነኝና ቁጥር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። በአገር ደረጃ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንደሚሆን ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሽታው በዓመት ከሚሠራባቸው ቀናት 45 በመቶውን እንደሚወስድ አሰላ። ያኔ 1.7 ሚሊዮን ሕዝብ ለነበረው ዞን ጉዳቱ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። ይህ ከባንክ የወጣ ገንዘብ አይደለም። ካልታረሰ ማሳ፣ ካልተሸመነ ሸማ፣ ተቋርጦ ከቀረ ትምህርት የተደመረ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሲነሳ ነው። እግር ይግላል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳት ይከተላል፤ አራት አምስት ቀን አልጋ ላይ ያውላል። መቼ እንደሚነሳ አይነግራችሁም። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ሙከራ አለ። እግራቸውን በየቀኑ የሚታጠቡ፣ ቅባት የሚቀቡ፣ ካልሲና ጫማ የሚያደርጉ ታማሚዎች በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ሲነሳባቸው፣ እንክብካቤውን ገና ያልጀመሩት 24 ጊዜ ያህል ተነሳባቸው። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን አምስት ጊዜ ሲቀነስ 20 እና 25 የሥራ ቀን ነው። አንድ ወር ማለት ነው! በሳሙናና በውሃ የተገኘ አንድ ወር።

አሁን ወደ ልብሱ ልሂድ።

ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባለው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ፣ ዲጄ ኩል ሄርክ ባጫወተበት ግብዣ ላይ ነው። ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ግብዣውን ያዘጋጀችው እህቱ ሲንዲ ናት፤ ያዘጋጀችውም ትምህርት ሲከፈት አዲስ ልብስ መግዣ እንዲሆናት ነው። እስቲ አስቡት፤ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ልብስ ያሳሰባት ልጅ ናት የዚህ ሁሉ መነሻ። እኛም አገር መስከረም ሲመጣ ልብስ የማያሳስበው ቤት የትኛው ነው?

ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሃርለም ዳፐር ዳን የሚባለው ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1982 ሱቁን ከፈተ። ትልልቆቹ የአውሮፓ ቤቶች ለጥቁር ሰፈር ደንታ በሌላቸው ጊዜ ምልክታቸውን በራሱ ጃኬት ላይ እያተመ ለራፐሮችና ለቦክሰኞች ሰፋ። ክስና ወረራ በዛበትና በ1992 ዘጋ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ጉቺ የእሱን የድሮ ጃኬት የሚመስል ልብስ ይዞ ቀረበ፤ ሕዝቡ ሲጮህ ኩባንያው ከሰውየው ጋር አብሮ ለመሥራት ተስማማ። በሎስ አንጀለስ ክሮስ ከለርስ በ1989 ሲቋቋም የአፍሪካን ቀለማት በሰፊ ልብስ ላይ አወጣ። በኩዊንስ ዴይመንድ ጆን ፉቡን ሲጀምር እናቱ ቤታቸውን አስይዘው 100,000 ዶላር ተበደሩ፤ ሳሎኑ የስፌት ቤት ሆነ። ስሙም «ለእኛ፣ በእኛ» ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ካፒታላቸው ሰፈራቸው ምን መልበስ እንደሚፈልግ ማወቃቸው ነበር።

ለእኔ ሂፕ ሆፕ የመጣው በሰልቫጅ ነው። በገበያ ቀን ቦንዳ ሲፈታ፣ ሌላው «ይሄ ለማን ይሆናል?» እያለ የሚጥለውን ትልቅ ሱሪ እኔ አነሳ ነበር። በኋላ ቴዲ ዮና ልጅ ሚካኤል በአማርኛ ራፕ ሲያደርጉ ስሰማ ልብሱም ቋንቋውም የእኛ መሆን ይችላል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

የእኛ የሆነ ጨርቅ ደግሞ አለን። ዱንጉዛ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። በወላይታም በጋሞም የክብር ልብስ ነው፤ ዛሬ በጊፋታ ቀን ሶዶ ከተማን ያየ ሰው መግለጫ አያስፈልገውም። ችግሩ በዓሉ ሲያልቅ ወደ ሳጥን መመለሱ ነው። ሸማኔው በመስከረም ይጠግባል፣ በኅዳር ሥራ ያጣል። ሸማኔ ስል ደግሞ አንድ ነገር አልዘልም፤ ይህች አገር የሚያለብሳትን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያለች ስትሰድብ ኖራለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቁም ብለው አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። እንግዲህ በእጁ የሚሰደብ ሸማኔ፣ በእግሩ የሚሰደብ ታማሚ፣ እና ከተሰደበ ሰፈር የተወለደ የልብስ ዓይነት አንድ ላይ ቢመጡስ? የእኛ ሥራ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ሐሳብ የለውም።

ከምርቃት በኋላ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። ስሙ አይጠቅመንም። በዓመቱ ውሌ አልታደሰም፤ ብዙ ቀርቼ ነበርና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ያኔ ባይወጣም ዛሬ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። መልካም ሕግ ነው። ግን ይህን ሕግ ስታነቡት በዓይነ ኅሊና የሚታያችሁ አንድ ጊዜ ታሞ፣ ተኝቶ፣ ድኖ የሚመለስ ሰው ነው። አምስት ቀን ታሞ፣ ሦስት ሳምንት ሠርቶ፣ እንደገና አምስት ቀን የሚታመም ሰው በወረቀቱ ላይ ቦታ ቢኖረውም በአለቃው ትዕግሥት ውስጥ ቦታ የለውም። ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው ደግሞ ወረቀቱም የለም፤ ያልሠራበት ቀን ያልበላበት ቀን ነው።

ስለዚህ ገሱባ ተመለስኩና በሁለት የእግር ሲንጀር ጀመርን። ዛሬ 11 ሰዎች ነን፤ አራታችን የዚሁ በሽታ ታማሚዎች ነን። የምንሠራው ሰፊ ሱሪ፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ፣ አጭር ጃኬትና ቆብ ነው። ስፖርት ልብስ ላይ በጎን የሚወርደውን መስመር ታውቁታላችሁ አይደል? በእኛ ሱሪ ላይ በዚያ ቦታ የሚወርደው በእጅ የተሸመነ የዱንጉዛ ጥብጣብ ነው፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ሱሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተማርነውን ሁሉ እሱ ላይ ነው የተማርነው።

በፋብሪካ ሱሪ ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው። የእኔ እግሮች እኩል አይደሉም፤ የብዙ ታማሚም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲመጣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ እንለካለን፦ ጭን፣ ጉልበት፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት። የምንለካውም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት የተለካ እግር ማታ ሌላ እግር ነው። ፓትሮኑ ሰፊ ስለሆነ ልዩነቱ ውስጥ ውስጡን ያልቃል፤ ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም ጎን አንድ ነው። ከውስጠኛው ስፌት ላይ ከታች እስከ ጉልበት የሚከፈት ዚፕ አለ፤ እግር ላይ ፋሻ የሚጠመጥም ሰው ሱሪውን ሳያወልቅ ይከፍተዋል። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ እርጥበት የሚያፍን ጨርቅ ለቆዳው ጠላት ነው።

ከዚያ የበረኪና ጉዳይ መጣ። ታማሚ እግሩን የሚዘፈዝፈው በጥቂት በረኪና በተበረዘ ውሃ ነው። ቀዩ ክር በረኪና ሲነካው ይገረጣል፣ አንዳንዱም ቀለሙን ወደ ቢጫው ይለቃል። አንድ ደንበኛችን በሁለተኛው ሳምንት ሱሪውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ምንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ከታች አራት ጣት ያህል ያልተነከረ ነጭ ጥጥ እናደርጋለን። የሚገርመው፣ ያ ነጭ ጠርዝ ነው ዛሬ የእኛ ሱሪ መለያ። ሶዶ ላይ ጤነኛ ወጣቶች «ነጭ ጠርዝ ያለው ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከየት እንደመጣ አያውቁም። ማወቅም የለባቸውም።

ዋጋውስ? ሁለት ልክ ያለው ሱሪ ጨርቅም ጊዜም ይበልጥ ይወስዳል። ግን ዋጋው ከሌላው ጋር እኩል ነው። ልዩነቱን በሱሪው ሁሉ፣ በጃኬቱም ላይ አካፍዬ እጨምረዋለሁ። ሁሉም ገዢ ጥቂት ጥቂት ይከፍላል፤ የታመመው ብቻውን አይከፍልም። አካውንቲንግ ላይ ሌላ ስም አለው፣ እኛ ግን ዕድር እንለዋለን።

ሥራውን ያደራጀነውም በበሽታው ልክ ነው። በመጀመሪያ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ የለንም። ፓትሮኑ ሁሉ በካርቶን ተቆርጦ፣ ተጽፎበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ስተኛ ሌላው አንሥቶ ይቆርጣል። ሁለተኛ፣ ያበጠ እግር የሲንጀር ፔዳል አይረግጥም። ሞተር ገጠምንላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እግሩ ጤነኛ የሆነው ፔዳል ላይ ይቀመጣል፣ ታማሚው እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ያጥፋል፣ ይቆጥራል። ሦስተኛ፣ ለደንበኛ ቀን ስንሰጥ አንድ ሳምንት ጨምረን ነው። በዓል ሲደርስ ይህ ያስከፍለናል፤ ቶሎ የሚሰጥ ሰፊ ጋ ይሄዳሉ። አራተኛ፣ ጠዋት በር ስንከፍት የመጀመሪያው ሥራ እግር መታጠብ ነው፤ ባልዲ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ካልሲ፣ ጫማ። 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ጤነኞቹም አብረው ይታጠባሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማን ታማሚ ማን ጤነኛ እንደሆነ ከውጭ የሚገባ ሰው እንዳይለይ ብለው ራሳቸው የጀመሩት ነው።

ይህን መንገድ እኛ አልፈጠርነውም። ዶክተር ናታን ባርሎው የመሠረቱት፣ እዚሁ ሶዶን ማዕከሉ ያደረገው የሞሲ ፉት ድርጅት ታማሚዎችን አክሞ ብቻ አልላካቸውም፤ ጫማ መሥራት አስተምሯቸዋል። ለሰፊ እግር ጫማ የሚሠራው ራሱ ሰፊ እግር ያለው ሰው ሆነ። አዲስ አበባ ላይም ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ስትጀምር ከዘነበወርቅ ነው የተነሣችው፤ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ምክንያት ሰው ዞሮ የሚሄደው ሰፈር ነበር። ከእጅ ፈትልና ከአሮጌ ጎማ የሠራችው ጫማ የዓለም ገበያ ደረሰ። እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ እኔ ይህን ለመሞከር ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከውጭ አንድ ገዢ መጣ፤ 400 ጃኬት አዘዘ። ለእኛ የስምንት ወር ሥራ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ጃኬት ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት የታማሚ እግር ፎቶ እንዲታተም ፈለገ፣ ከሕክምና በፊትና በኋላ። «ሰው ልብሱን ሳይሆን ታሪኩን ነው የሚገዛው» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

እኔ እምቢ አልኩ። አንደኛው ሸማኔያችን ግን ተነሥቶ ተቆጣ። እሱ ታማሚ አይደለም፣ አምስት ልጆች አሉት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትሉን አልነበረም? አሁን ገንዘብ ሲመጣ ለምን ይደበቃል? የአንተ እግር ክብሩን ሲጠብቅ የእኔ ልጆች ደብተር ያጣሉ» አለኝ። ከታማሚዎቹ አንዷ ደግሞ፣ ከሁላችን ዝምተኛዋ፣ እንዲህ አለች፦ «እኔ እግሬን ለሐኪም አሳያለሁ፣ ለልጄ አሳያለሁ፣ ይህ በሽታ ላለበት ሰው አሳያለሁ። ጃኬት ለሚገዛ ሰው ግን ጃኬት ነው የማሳየው።» ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እስከ ማታ ተከራከርን። በድምፅ ብልጫ ትዕዛዙን መለስነው፤ ልዩነቱ ሁለት ድምፅ ነበር።

ያ ዓመት ከባድ ሆነ። ሸማኔው ለአራት ወር አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሠራ። ተመልሶ መጥቷል፣ አሁንም አብረን ነን፤ ያቺን ነገር ሲያነሳ ግን አሁንም ተሳስታችኋል ይላል። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ዛሬ ሦስት ነገር ነው፦ ጨርቁን የሸመነው ሰው ስም፣ የሰፋው ሰው ስም፣ ገሱባ። በሽታ መደበቅና በሽታን አለመሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚለው የእኔ እምነት ነው። ዋጋ እንዳለው ግን አልሸሽግም፤ ዋጋውን የከፈለውም እኔ ብቻ አይደለሁም።

የሂፕ ሆፕ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። የትራይብ ኮልድ ኩዌስቱ ፋይፍ ዶግ ከወጣትነቱ የስኳር ሕመም ነበረበት፤ ባለቤቱ በ2008 ኩላሊቷን ሰጠችው፣ በ2016 በ45 ዓመቱ አረፈ። የሞብ ዲፑ ፕሮዲጂ ከሕፃንነቱ የሲክል ሴል በሽታ ይዞ ራፕ አደረገ፤ በ2017 አረፈ። ጄ ዲላ ሉፐስና የደም በሽታ እያሠቃየው ዶናትስ የሚለውን አልበም አወጣ፤ አልበሙ የወጣው በ32ኛ የልደት ቀኑ፣ እሱ ያረፈው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «ሕመሙ ነው ያጎበዘው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሕመም ማንንም አያጎብዝም፤ ጊዜ ነው የሚወስድ። እነሱ በቀራቸው ጊዜ ጎበዝ ሆኑ። ዙሪያቸውም ሰው ነበረ፤ ሚስት፣ እናት፣ ጓደኛ። ብቻውን የቆመ ታማሚ ጀግና ተረት ነው። የእኔ ሥራ ውስጥ የእኔ ድርሻ ከ11 አንድ ነው።

ልጨርስ። እዚህ ያለነው ተምረን በየመሥሪያ ቤቱ የተበተንን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ምስጋና ብቻ ይዤ አልመጣሁም፣ ልመናም አለኝ።

ጤና ላይ ለምትሠሩ፦ ከዓመታት በፊት በዚህ አካባቢ በጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ በሽታ ይተላለፋል ብለው እንደሚያምኑ ታይቷል። ዛሬ ተሻሽሏል ብዬ አምናለሁ፤ ግን በየጤና ጣቢያው አንድ ጊዜ ጠይቁ። ሐኪም በጓንት ጫፍ የነካው እግር ቤቱ ሲገባ ማን ይነካዋል?

ትምህርት ላይ ለምትሠሩ፦ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት ማብቂያ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ጫማ ሳያደርግ የሚመጣ ልጅ፣ በተለይ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመ ልጅ፣ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ጫማ ሲሰጥ ደግሞ ልኩ ይታይ፤ የጠበበ ጫማ በሦስተኛው ቀን በእጅ ተይዞ ነው የሚሄደው።

አሠሪ ለሆናችሁ፦ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 568/2000፣ የሥራ ቦታ ለሠራተኛው እንዲመች መስተካከል እንዳለበት ይናገራል። መስተካከል ሲባል ሊፍት መሥራት ብቻ አይምሰላችሁ። እግር መስቀያ በርጩማ፣ የ20 ደቂቃ መታጠቢያ ጊዜ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው። እኛ በሁለት ሲንጀር ከቻልነው እናንተ በጄኔሬተር አያቅታችሁም።

ለሁላችሁም አንድ ትንሽ ነገር። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ገበያው ስትሄዱ በቀይ አፈሩ ላይ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ልጆች ታያላችሁ። ቆንጆ ፎቶ ይወጣችኋል። ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ ግን ልጁን የእግሩን ቁጥር ጠይቁት።